ባሕሩ ሲፈቅድ

ከሌርዊክ ምክር ቤት የመጣው ቅጽ ስድስት ገጽ ነበር፤
«በሳምንት ስንት ሰዓት ይንከባከባሉ?» ይላል፤ በምን ልቁጠር?
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቦት ጫማውን አጥልቆ አባቴ
«መረቡ ሳይነሣ ነጋ!» ብሎ ሲጠራኝ በስመ እናቴ፣
ጫማውን አስወልቄ፣ «ተነሥቷል» ብዬ ዋሽቼ፣
አልጋው ጫፍ ላይ ጎህ እስኪቀድ ተጎልቼ፣
ሳልተኛ ወደ ሥራ ስወጣ፣
ያ ሰዓት ከየትኛው ሣጥን ይግባ? ከእንቅልፍ ወይስ ከጣጣ?
«ከአረጋዊው ጋር ያለዎት ግንኙነት?» ሲል ደግሞ ሌላው መስመር፣
«ልጁ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከስድስቱ ገጽ ያልከበደኝ ያ ብቻ ነበር።

ሥራዬ ጀልባ ላይ ነው፤ መኪና የምታሻግር፣
ከትንሿ ደሴታችን እስከ ትልቋ በቀን ስምንቴ የምትሰግር።
ገመድ እወረውራለሁ፣ ገመድ እስባለሁ፣
በብርቱካንማው ካፖርት ውስጥ ስልኬን እዳብሳለሁ።
ከባሕሩ እምብርት ላይ ኔትወርክ የለም፤ ሩብ ሰዓት ያህል
አባቴ መውደቅ አለመውደቁን የማላውቅበት መሐል።

እርዳታው መጣ፤ አይካድም።
ኤልስፔት ትባላለች፤ ማክሰኞና ዓርብ፤ ሌላ ቀን አይሞከርም።
መሻገሪያዋ የኔው ጀልባ፣ ገመድ ፈቺዋም እኔው፤
ለአባቴ የሚላክለትን ሰው እኔው ነኝ የማደርሰው።
«ዛሬ ምን በላ?» ትለኛለች ከመኪናዋ መስኮት፤
«የአጃ ገንፎ፤ ግማሹን ለውሻው ሰጥቶት።»
ከዚያ እሷ ወደ ቤቴ፣ እኔ ወደ ገመዴ፤
ሌላ ሰው አባቴን ሲያጥብ እፎይ ይላል ሆዴ፣
ደግሞም ይከፋዋል፤ ሁለቱም ባንዴ።

የአንገት ቁልፍም ልከውለታል፣ ሲወድቅ የሚጫነው፤
እሱ ቃጭል መስሎት ለአውራው በግ አሰረው።
በጉ አጥር ሲታከክ፣ ሴትዮዋ በድምፅ ማጉያ ከሩቅ
«ላውሪ፣ ደኅና ነዎት?» ትላለች፤ በጉ ዝም፤ እሷ ስትጨነቅ።
ረቡዕ ማታ ደግሞ በቪዲዮ እንሰበሰባለን፣
እየሠራን የምንጦር፣ ከየደሴቱ ተለቃቅመን።
ምስሉ ይደርቃል፤ ሳልሞን የሚያረባው ሰውዬ
«እኔም…» እንዳለ አፉ ተከፍቶ ይቀራል። እኔም አልኩት፣ ማያው ላይ ጣቴን ጥዬ።

ባሕሩ ሲከፋ ኤልስፔት ትቀራለች፤
ግን ጀልባዋም ታስራ ትውላለች፤
እኔም ቤት እውላለሁ። ሒሳቡ ይገጥማል።

የኅዳሩ ዓርብ ግን፣ ኤልስፔትን ልንመልስ ተሻግረን
ነፋሱ ከኋላ ደረሰን፤
ካፒቴኑ «ዛሬ መመለስ የለም» አለን።
ሁለት አስታማሚ ባንድ ዳርቻ፤
ታማሚው በወዲያ ማዶ፣ ብቻ።
ስልኩ ይጠራል፤ አያነሣም። ይጠራል፤ አያነሣም።
ኤልስፔት መዝገቧን ገለጠች፤ ለዚህ የተጻፈ ነገር የለም።
ጀማይማ ጋ ደወልኩ፤ ሰማንያ ስድስት የሞላት፣
ዓርብ ዓርብ ኤልስፔት እግሯን የምታሽላት።
«አባ…» ከማለቴ፣ «ካፖርቴን ለብሻለሁ» ብላ ዘጋች።

ንጋት ላይ ነፋሱ በርዶ፣ ሮጬ በሩን ስከፍተው
ምድጃው አልጠፋም፤ የአባቴ ቦት ጫማ እግሩ ላይ ነው፤
የሟች ባሏን አሮጌ መረብ ከጉልበቱ እስከ ጉልበቷ ዘርግተው
እሷ ቀዳዳ ትፈልጋለች፣ እሱ ይቋጥራል።
ስሜ የጠፋው ሰው ቋጠሮው አልጠፋውም።
«ተነሥቷል እያልሽ ከምትዋሺው» አለችኝ ቀና ሳትል፣
«ስጪው እንጂ።»

ዘንድሮ ቅጹ ታድሶ መጣ፤ ስምንት ገጽ ሆኗል።
«በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው?» ይላል።
ጀማይማ፣ አልኩ። ከቢሮው ደወለልኝ ትሑት ወጣት ልጅ፤
«እሷኮ ተጧሪ ናት፤ ዝርዝራችን ላይ አለች፤ ሌላ ሰው እንጂ።»
ሰረዝኩት። ሌላ ሰው አሰብኩ። ነፋሱ መስኮቱን መታው።
ከዚያ ስሟን መልሼ ጻፍኩት፣ ከሰረዙ በላይ፣ በእስክሪብቶ።
ቦታው ጠብቦ ፊደሎቹ ሣጥኑን አልፈው ወጡ።
ይውጡ።